አሥራ አምስተኛው ብሎን

ልጄ የሞተር ማሸጊያ ሲሊኮን ልትገዛ ከወጣች አምስት ደቂቃ አልሞላም። እሷ ሳትመለስ ክዳኑን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ማጋደም አለብኝ። የመለዋወጫ ሱቁ ሩቅ አይደለም፤ ግን ባለሱቁ ወሬኛ ነው። ወሬ ከሞላለት ግማሽ ሰዓት ያቆማታል፣ ካጠረው ሃያ ደቂቃ። የዚያ ሰውዬ ወሬ እንዲረዝም ስመኝ በሕይወቴ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

ክዳን ስል የድስት ክዳን እንዳይመስላችሁ። ከሞተሩ ጎን ተለጥፎ ሰንሰለቱን የሚሸፍን፣ ዘይቱንም የሚያግድ የአሉሚኒየም ሽፋን ነው። ሰንሰለቱ የሞተሩን ላይና ታች አስማምቶ በሰዓቱ ስለሚያዞር የታይሚንግ ክዳን እንለዋለን። አሥራ አምስት ብሎኖች ይይዙታል። መኪናዋ ትንሽ ስለሆነች ሞተሩን በአግድም ነው የጎረሰችው፤ ክዳኑም ፊቱን ወደ ጎኗ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። በመሀላቸው ያለው ክፍተት አራት ጣት ቢሆን ነው። ይህን የነደፈው መሐንዲስ እጅ ያለው ሰው አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ጎማው ወልቆ ከታች ቢገቡም የሚታየው ግማሹ ብቻ ነው፤ የቀረው በዳበሳ ይሠራል። የእኔ ጣቶች ደግሞ ዳብሰው መለየት ካቃታቸው ሰባት ወር አልፏቸዋል።

ስኳር ነው። ሐኪሙ ነርቭ ምናምን ብሎ አስረዳኝ፤ እኔ የገባኝ ከጣቶቼ ጫፍ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ የሌላ ሰው እጅ እንደተገጠመልኝ ነው። መጀመሪያ ያወቀችብኝ ባለቤቴ ናት። ሻይ ቀድታ ሰጠችኝና ብርጭቆውን ጨብጬ ወሬዬን ቀጠልኩ። እሷ ጮኸች። ሁለት ጣቴ ውሃ ቋጥሮ ነበር፣ እኔ ግን ምንም አላወቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ በተኛሁ ጠዋት በተነሣሁ ቁጥር "ለልጅቷ ንገራት" ትለኛለች። እኔም "ሰኞ ትሂድና" እላታለሁ።

ሰኞ ልጄ አዲስ ሥራ ትጀምራለች። የአውቶቡስ ድርጅቱ ትልቁ ጋራዥ የሞተር ክፍሉን ኃላፊነት ሰጥቷታል። ደብዳቤው የደረሳት ከአራት ሳምንት በፊት ነው፤ እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ቆማ አነበበችልኝ። ሲያልቅ አጣጠፈችውና "አባዬ፣ ብቻህን ትችላለህ?" አለችኝ። "አንቺ ሳትወለጂ በፊት ይኼን ጋራዥ ማን ያሠራው የነበረ ይመስልሻል?" አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ደግማ አልጠየቀችኝም።

ልጄን አውቃታለሁ። ከልጅነቷ ጀምሮ አለቃ ነው የምላት፤ ቤቱንም እኛንም የምታዝዘን እሷ ናት። እናቷ ዳሌዋን የተሰበረች ጊዜ ማንም ሳይጠይቃት ትምህርቷን አንድ ዓመት አቋርጣ ቤት ቁጭ አለች። አታድርጊው ብንላት ማን ሊሰማን። አሁን የጣቶቼን ነገር ብታውቅ ደብዳቤውን ቀዳድዳ ሞተር ማጽጃ ታደርገዋለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከእኔ ጋር እዚህ ስምንት ዓመት ሠርታለች፤ ጎበዝ መካኒክ ናት፣ ከእኔም ትበልጣለች። እንዲህ ያለ ዕድል ሁለቴ አይመጣም። ስለዚህ እስከ ሰኞ ድረስ እጄ ጤነኛ መሆን አለበት፣ በቃ።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መሀል ይህቺ መኪና ተመልሳ መጣች። ባለቤቷ መንጃ ፈቃድ አስተማሪ ነው። ከአራት ወር በፊት ሰንሰለቷን ቀይሬ ክዳኑን የዘጋሁት እኔ ራሴ ነኝ። አሁን ክዳኑ ላይኛው ጥግ በኩል ዘይት ታለቅሳለች። አስተማሪው ሰኞ ጠዋት ተማሪ አለው፤ ከነጋ አራቴ ደውሏል። ሲያናግረኝም መሪ እንዳስያዘው ተማሪ ነው የሚያደርገኝ፦ "ቀስ ብለህ... ሳትጨናነቅ... ግን ቶሎ በል።"

ጠዋት አለቃ ጎማውን ፈታች፣ የጎኑን ፕላስቲክ አነሣች፣ ሞተሩን ከሥር በእንጨት አስደግፋ በክሪክ ያዘች፣ ቀበቶ የሚያዞረውን ፑሊ አወለቀች። ክዳኑ ጋ ስትደርስ "ይኼን ለእኔ ተዪልኝ፣ አንቺ ሲሊኮን አምጪ" አልኳት። አየችኝ። "ሲሊኮን የለንም?" "አልቋል።" እውነቱን ለመናገር አላለቀም፤ ጠዋት ሳትመጣ ከዘይት ጣሳዎቹ ኋላ የደበቅሁት እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ዕቃ ደባቂ ሆንኩላችሁ።

ወደ ሥራው ልመለስ። የክዳኑን ቅርጽ ካርቶን ላይ ሥያለሁ፤ በየብሎኑ ቦታ ቀዳዳ በስቻለሁ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው፤ ብሎኖቹ ቁመታቸው ስለሚለያይ እያንዳንዱ ሲወጣ የራሱ ቀዳዳ ላይ ይሰካል። የሚታዩትን ዘጠኙን በቀላሉ አወጣኋቸው። ዘይትና አቧራ ተጋግሮባቸው ጥቁር ድፍድፍ ሆነዋል፤ እንደወጡ ካርቶኑ ላይ ሰካኋቸው። ከዚያ ሞተሩ ላይ ተደፋሁና ክንዴን ወደ ክፍተቱ ሰደድኩ።

አንድ ጊዜ እንዲህ ነበር፦ እጄ ገብቶ የብሎኑን ራስ ሲነካ ስንት ቁጥር እንደሆነ፣ ዝገት እንዳለው፣ ጠርዙ እንደተበላ ጣቴ ይነግረኝ ነበር። አሁን ጥጥ ውስጥ እንደ መዳበስ ነው። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አውጥቻለሁ፤ በጆሮዬ እሠራለሁ። ቁልፉ ብሎን ላይ ሲቀመጥ ጠቅ ይላል። ብሎኑ ሲላላ ሲጥ ይላል። ትንፋሼን ይዤ እያዳመጥኩ አሥረኛውን አወጣሁ፣ አሥራ አንደኛውን፣ አሥራ ሁለተኛውን። ላብ አጠመቀኝ። ከመንገዱ የሴት ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ድው ይላል፤ አንዴ ቀና ብዬ ሳይ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። አሥራ ሦስተኛው አስቸገረኝ። አሥራ አራተኛውን ስሰካ ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ ሰባት ደቂቃ ሄዷል።

አሥራ አምስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። ሞተሩን የሚሸከመው ብረት ኋላ ተሸሽጎ ነው የሚኖረው፤ ክሪኩን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጎ ሞተሩን ካላወረዱት ቁልፍ አያስገባም። ዝቅ አደረግሁት። ቡሶላውን፣ የብሎኑን ራስ የሚጎርሰውን ቁልፍ፣ በረጅሙ እጀታ ሰክቼ ላክሁ። ጠቅ። "ጎሽ" አልኩ። አዞርኩ፣ ዞረ። ሳያስቸግር ዞረ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ቅጭል ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ብሎኑ ነው! የት እንደገባ በኋላ እፈልገዋለሁ አልኩና ደስታዬ ወሰን አጣ። አለቃ ስትመጣ ክዳኑ ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ ሻይዬን ይዤ ታየኝ።

ካቻቪቴ ወሰድኩና ክዳኑ ጠርዝ ላይ ገፋ አደረግሁ። ሲሊኮኑ ይዞታል እንጂ ብሎን ስለሌለው መላቀቅ አለበት። ከታች ተላቀቀ። ከጎን ተላቀቀ። ላይኛው ጥግ አልነቃነቅ አለ። ጫን አልኩት። እምቢ። ደግሜ ጫን ስለው ከብረቱ ቀጭን የማቃሰት ድምፅ ወጣ፣ ጥርስን የሚያሳክክ ዓይነት።

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ አሉሚኒየም ሊሰነጠቅ ሲል ነው እንዲያ የሚለው። የዚህች መኪና ክዳን ገበያ ላይ የለም። ከተሰነጠቀ መኪናዋ እዚሁ ቆማ ትቀራለች፤ ከዚያ የባሰው ግን አለቃ ገብታ "አባዬ፣ ብሎን ሳይወጣ ነው የፈነቀልከው?" ማለቷ ነው። አንድ ጀማሪ የማይሠራውን ስሕተት አባቷ ለምን እንደሠራ ትጠይቃለች። መልሱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ስልኬ ጮኸ። አስተማሪው። አላነሣሁትም።

ካቻቪቴውን ቀስ ብዬ ሳብኩና በእጅ መብራቱ ጠርዙን አየሁ። አልተሰነጠቀም። ተንበርክኬ የወደቀውን ብሎን ፍለጋ መኪናዋ ሥር ገባሁ። እውነት ብሎኑ ወድቆ ከሆነ የያዘው ሲሊኮን ብቻ ነው፤ ካልወደቀ ግን... ከክሪኩ አጠገብ አገኘሁት። ብሎን አይደለም። ቡሶላው ነው፤ ከእጀታው ወልቆ የወደቀው የገዛ ቡሶላዬ። ባዶ እጀታ እያዞርኩ ነበር፣ ጣቶቼም ልዩነቱን አልነገሩኝም።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሃያ ሁለት ደቂቃ። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ የሞኝ ነገር ያስባል፤ ምናልባት ተሳስቼ የአንዱን ብሎን ቦታ ለሌላው ሰጥቼ ይሆናል፣ ምናልባት አሥራ አምስተኛው ሌላ ቀዳዳ ላይ ተሰክቷል አልኩ። አሥራ አራት ብሎን አሥራ አምስት እንደማይሆን ጠፍቶኝ አይደለም። ብቻ ካርቶኑን አውርጄ ቁመታቸውን ላመሳክር ብሎኖቹን አንድ በአንድ በቤንዚን እጠርግ ጀመር።

የመጀመሪያውን ስጠርገው ራሱ ላይ ነጭ የቀለም ሰረዝ ታየኝ። ይኼ የእኔ ነው። በጋራዣችን ብሎን ያጠበቀ ሰው ከብሎኑ ራስ እስከ ክዳኑ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ ሰረዝ ይሥላል፤ ብሎኑ ከተንቀሳቀሰ ሰረዙ ይሰበርና ያጋልጠዋል። ነጩ የእኔ ነው፣ ቀዩ የአለቃ። አንዱ ያጠበቀውን ሌላው አይነካም። ከነጩ ጎን ግን ሌላ ሰረዝ አለ። ቀይ።

ሁለተኛውን ጠረግሁ። ነጭና ቀይ። ሦስተኛውንም። መብራቱን ይዤ ክዳኑ ላይ ብሎኖቹ የነበሩበትን ቦታ በጨርቅ ጠረግሁ፤ እዚያም በየቀዳዳው አፍ ነጭና ቀይ ጎን ለጎን። ብሎኑ ራስ ላይ ግን ሁለቱ ሰረዞች ተራርቀዋል። አንዱ ላይ ሩብ ዙር፣ አንዱ ላይ ግማሽ። ይኼ ማለት እኔ አጥብቄያለሁ ብዬ ከሄድኩ በኋላ ልጄ ቁልፍ ይዛ መጥታ ያን ያህል ጨምራ አዙራዋለች። በዳበሳ የሚሠሩት ላይ ደግሞ ሙሉ ዙር ሊሞላ ምንም አልቀረው። አሥራ አራቱም ላይ። አንድም የእኔ ብቻ የሆነ ብሎን የለም።

ደሜ መጀመሪያ ፈላ፣ ማን ነኝ ብላ ነው ሥራዬን የምትነካካው ብዬ። ከዚያ ቁጣው ሟሟና የቀረኝ ሐፍረት ብቻ ሆነ። አራት ወር ሙሉ እኔ ስደብቅ እሷ ታውቅ ነበር። ስንት መኪና ነው ከዚህ በር የወጣው? ፍሬን አስሬያለሁ፣ ጎማ አስሬያለሁ፣ ሰው ከነልጆቹ ጭኖ ሄዷል። ከእያንዳንዱ በስተኋላ እሷ አልፋበት ይሆን?

"አባዬ።"

በሩ ላይ ቆማለች። የያዘችው ነገር የለም።

"ሲሊኮኑስ?" አልኩ።

"ከጣሳዎቹ ኋላ አለ። ጠዋት አይቼዋለሁ።" ወደ ውስጥ ገባች። "ልብስ ሰፊዋ ጋ ቁጭ ብዬ ነበር። ብቻህን መሥራት ከፈለግህ ብዬ።"

ካርቶኑን አየች። የተጠረጉትን ብሎኖች አየች። ከዚያ ወለሉ ላይ የተቀመጥኩትን እኔን። የሰባት ወሩን ውሸት ለመቀጠል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣ አለኝ።

"ጣቶቼ ደንዝዘዋል" አልኳት። "ምንም አይሰማኝም። ስኳሩ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ይኼን መኪና ከዘጋህበት ቀን። አንዱ ብሎን ሰረዝ ተሥሎበት በእጅ ይዞር ነበር።" አጠገቤ ቁጢጥ አለች። "ሌሎቹን ሁሉ ዳግመኛ አሠርኳቸው። አሥራ አምስተኛውን ግን አልደረስኩበትም፤ ሞተሩ ቦታው ተመልሶ ታስሮ ነበር። እንዳላወርደው አንተ ታየኛለህ። የሚያፈሰው በእሱ በኩል ነው።"

"እና ለምን ዝም አልሽኝ?"

"አንተስ ለምን ዝም አልከኝ?"

እሷ ተነሣች። ክንዷን እስከ ብብቷ ድረስ ክፍተቱ ውስጥ አስገባች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ሦስት ጊዜ አዞረችና ብሎኑን አውጥታ ካርቶኑ ላይ ሰካችው። ከዚያ ክዳኑን በመዳፏ ጠርዝ መታ አደረገችው፤ እንደተቆረጠ ዳቦ ወልቆ እጇ ላይ ወደቀ። ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። ሁሉ ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም።

"ቆይ ግን ይኼ ምንም አይደለም" አልኩ ከወለሉ እየተነሣሁ። "አንቺ ሰኞ ትሄጃለሽ። እኔ የዘይትና የፍሬን ሥራ ብቻ..."

"ፍሬን?" ዞር ብላ አየችኝ።

"እሺ፣ ዘይት ብቻ። ሰው እቀጥራለሁ። አንቺ ብቻ ሂጂልኝ።"

"አልሄድም፣ አባዬ። ረቡዕ ዕለት ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ።"

ያን ጊዜ ጮኽኩ። "ማን ጠየቀሽ?" አልኩ፣ "ማን ቅሪልኝ አለሽ!" ምን እንደምል እንኳ አላውቅም። ልብስ ሰፊዋ ስፌቷን አቁማ ሳትሰማን አልቀረችም። ልጄ እስክጨርስ ጠበቀችኝ፤ እሷ ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ነው የሚለው።

"እኔ ጠይቄህ ነበር። 'ብቻህን ትችላለህ?' አልኩህ። አልችልም ብትለኝ ሰው እንፈልግ ነበር፣ ሥራውን እንቀንስ ነበር፣ እኔም እሄድ ነበር። ተዘጋጅቼ ነው የጠየቅሁህ። አንተ እችላለሁ አልከኝ።" ትንፋሿን ሳበች። "አልችልም የሚልን ሰው ረዳት ፈልጎለት መሄድ ይቻላል። የማይችል ሆኖ እችላለሁ የሚልን ሰው ግን እንዴት ትቼ ልሂድ? የሆነ ቀን ጎማው ያልታሰረ መኪና አስወጥተህ ሰው ብትገድልስ? በአራት ሳምንት ውስጥ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁ። እስከ ረቡዕ ጠበቅሁ።"

እንዳትቀር ብዬ ነበር የደበቅሁት። የቀረችው ስለደበቅሁት ነው። ይህን ለማሰብ ጊዜ ወሰደብኝ፣ ሲገባኝም ጠረጴዛውን ያዝኩ። መያዜን ያወቅሁት ደግሞ አይቼ ነው።

"ደውዪላቸው" አልኳት። "አሁኑኑ። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ በያቸው።"

"አባዬ..."

"በሞቴ፣ ደውዪ!"

እጇን ጠርጋ ስልኳን አወጣችና ወደ በሩ ሄደች። ጀርባዋን ነው የማየው። "አዎ" አለች። "አዎ፣ እኔው ነኝ።" ብዙ ጊዜ አዳመጠች። "አይ፣ ይገባኛል" አለች። "አመሰግናለሁ።" ዝግት አደረገችው። ፊቷን ከማየቴ በፊት ከትከሻዋ አወቅሁ።

"ትናንት ሰው ይዘዋል።"

"ማንን?"

"አላውቅም። ከሌላ ጋራዥ ነው አሉ። ጎበዝ ነው አሉ።"

"ካንቺ አይበልጥም።"

"እኔን ስሠራ መቼ አዩኝና" አለች። መፋቂያውን አንሥታ ክዳኑ ላይ የደረቀውን አሮጌ ሲሊኮን ትፍቅ ጀመር።

ስልኬ እንደገና ጮኸ፤ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። በዚህ ሙያ ሠላሳ አንድ ዓመት ለደንበኛ ይቅርታ ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ አልደረሰልዎትም ይቅርታ፣ ዕቃው ዘገየብኝ ይቅርታ፣ ቃሉ አፌ ላይ ነው። ለልጄ ግን ብዬው አላውቅም። አባት ነኝ፣ ምን አጥፍቼ እላለሁ እያልኩ።

"ይቅር በይኝ፣ ልጄ" አልኩ። "ሥራሽን ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ።"

መፋቂያው ቆመ። ቀና አላለችም። ከአንገቷ ከፍ ብሎ ፀጉሯ ውስጥ የዘይት ጠብታ አለ፤ እሱን እያየሁ ጠበቅሁ። ምንም አይደለም እንድትለኝ ፈልጌ ነበር፤ ልጅ ለአባቷ የምትለው እሱን ነው። አላለችውም።

"ሰማሁህ" አለችኝ፣ መፋቋንም ቀጠለች።